የመቶ ሰው ድንኳን ስንት ሰው ይይዛል?

ናይሮቢ ውስጥ ለድግስ ድንኳን ልትከራዩ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት «የስንት ሰው ይሁን?» ተብሎ ነው። እዚህ ድንኳን በሜትር አይጠራም፤ በሰው ነው። የሃምሳ ሰው አለ፣ የመቶ ሰው አለ፣ ከዚያም በላይ አለ። መቶ እንግዳ የጠራ ሰው እንግዲህ የመቶውን ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛ መዘርጋት ሲጀመር ግን ግማሹ ወንበር ውጭ ሣር ላይ ይቀራል። አከራዩ አልዋሸም። እሱ መቶ ሲል በረድፍ የተደረደረ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ፣ የኋለኛው ሰው ጉልበት የፊተኛውን ወንበር ጀርባ የሚነካበት መቶ የፕላስቲክ ወንበር ማለቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ለአንድ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ክብ ጠረጴዛ ሲገባና አስተናጋጅ ትሪ ይዞ የሚያልፍበት መተላለፊያ ሲተው ግን ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ካሬ ሜትር ይደርሳል። የመቶው ድንኳን በአንድ ጠዋት የሃምሳ ሆነ ማለት ነው። ቡፌው፣ የሙሽሮቹ መድረክና መጨፈሪያው ደግሞ ገና አልገቡም።

ይህን ሒሳብ የሰማ ደጋሽ ሁሉ ወዲያው «እንግዲያው ትልቁን ልውሰድ» ይላል። እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ቦታ እንግዳን ያስቀምጣል እንጂ ድግስን አያደምቅም። ድግስ የሚደምቀው ቦታው ትንሽ ጠበብ ሲልና እንግዳው የሚፈልገውን ለማግኘት በሌሎች እንግዶች መሐል ማለፍ ሲኖርበት ነው። ይህን የሚወስኑት ዲጄውም ወጥ ሠሪዋም አይደሉም፤ ጠዋት መጥተው ወንበር የሚደረድሩት ልጆች ናቸው። እነሱ ደግሞ ካልተነገራቸው የለመዱትን ደርድረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ለእነሱ ምን እንደምትነግሯቸው እናውራ።

ከቤት እንጀምር። የሐበሻ ሳሎን፣ ኪሊማኒ ፎቅ ላይ ይሁን ኢስሊ፣ ሶፋውና ወንበሩ አራቱን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። መሐሉ ምንጣፍ ነው። ለክርስትና ወይም ለልደት ሠላሳ ሰው ሲመጣ ሁሉም ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይቀመጥና ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እያየ ፈገግ ይላል። ከአጠገቡ ያለውን ለማናገር አንገቱን ማዞር አለበት፤ ማዶ ያለውን ለማናገር መጮህ አለበት። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ያያል።

ይህን ነገር በጥናት ያዩት ሰዎች አሉ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐምፍሪ ኦዝመንድ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን በሚገኝ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። አንዳንድ ክፍል ሰውን እንደሚያቀራርብ፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደሚበትን አስተዋለና ሮበርት ሶመር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉዳዩን እንዲያጠና አደረገ። ሶመር ያየው አረጋውያን ሴቶች የሚውሉበት ክፍል አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ጥሩ ወንበር የተገዛለት፣ ንጹሕ ነበር። ሴቶቹ ግን ቀኑን ሙሉ ሳይነጋገሩ ይውላሉ። ወንበሩ ሁሉ በግድግዳው ዳር ተሰልፏል። ሶመር ወንበሮቹን አንሥቶ በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አደረጋቸው። ሴቶቹ መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ጭውውቱ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ክፍሉም ያው ነው። የተለወጠው የወንበሩ ቦታ ብቻ ነው።

ታዲያ የእኛ ሳሎን ሁልጊዜ ሙት ነው ወይ? አይደለም! ቡና ሲፈላ ተመልከቱት። ረከቦቱ መሐል ወይም ወደ አንድ ጥግ ቀረብ ብሎ ይቀመጣል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ቆዪዋ ምጣዱን ይዛ እንግዳው ጭሱን እንዲያሸት ትዞራለች። ያን ጊዜ በግድግዳው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ የሚያየው አንድ ነገር አገኘ፤ እሱን ይዞ ማውራት ይጀምራል። የዙሪያ አቀማመጥ የሚሠራው መሐሉ ሲሞላ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ለምትደግሱት ድግስ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ መሐሉ ላይ የሚታይ ነገር አድርጉ፤ ካልሆነ ሶፋውን ከግድግዳው አላቅቃችሁ ወንበሩን አራት አምስት እያደረጋችሁ ሰብስቡት። ሶፋ ከቦታው ሲነሣ እናቶች ቅር ይላቸዋል፤ እሱን ራሳችሁ ትወጡታላችሁ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ፤ እዚህ ላይ የምነግራችሁ ነገር ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ነው። ኤድዋርድ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የሰው ልጅ ጥናት ሊቅ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች ሲነጋገሩ በመካከላቸው የሚተዉትን ርቀት ለካው። ወዳጅ ከወዳጅ ጋር የሚያወራው ከ45 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ባለው ርቀት ውስጥ ነው አለ። ከዚያ ሲያልፍ ንግግሩ የሥራ ንግግር ይመስላል፤ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ቃሉንም ይመርጣል። ሆል የለካው አሜሪካውያንን ነው፤ እኛ ደግሞ ትንሽ ቀረብ የምንል ይመስለኛል። የናይሮቢ ሆቴሎች ለድግስ የሚዘረጉት ክብ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ሰው የሚያስቀምጥ ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ይሆናል። ማዶ ያለው ሰው ከወዳጅነቱ ክልል ወጣ ማለት ነው። ሙዚቃ ሲጨመርበት ከግራና ከቀኝ ካሉት ሁለት ሰዎች በቀር ማንንም አታናግሩም። ከእነዚያ ከሁለቱ አንዱ ስልኩ ላይ ካቀረቀረ ደግሞ ማታችሁ አለቀ።

መሶብን አስቡት። አራት ወይም አምስት ሰው በአንድ መሶብ ዙሪያ በዝቅተኛ በርጩማ ይቀመጣል፤ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል፤ እጅ ሁሉ አንድ እንጀራ ላይ ይዘረጋል። ማዶ ያለው ሰው ከክንድ ብዙም አይርቅም። ሐርሊንግሃም አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ኬንያዊ ወዳጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና ተመልከቱት፤ መሶብ ላይ ከሆነ ገና ቀይ ወጡ ሳይወርድ ከማያውቀው ሰው ጋር ይሣሣቃል። ለሁለት መቶ ሰው መሶብ ይደርደር አልልም፤ ወገባቸውን የሚያማቸው አባቶች አሉ፣ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች አሉ። ግን አዳራሹ የስምንት ሰው ጠረጴዛ ካለው እሱን ጠይቁ፤ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ለወጣቶቹ አንድ ጥግ ላይ መሶብና በርጩማ አድርጉላቸው። ያ ጥግ መጀመሪያ ይሞላል።

ናይሮቢ የስብሰባ ከተማ መሆኗ ለድግስ አንድ ችግር ፈጥሯል እላለሁ። መሐል ከተማ ላይ የቆመውን ኬአይሲሲን ታውቁታላችሁ፤ ያ ክቡ ሕንፃ፣ አጠገቡ ጎጆ የመሰለ ጉባኤ አዳራሽ ያለው። ካርል ሄንሪክ ኖስትቪክ የተባለ ኖርዌያዊና ዴቪድ ሙቲሶ የተባለ ኬንያዊ አርክቴክት ናቸው የነደፉት። መጀመሪያ የታሰበው ለካኑ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ የዓለም ባንክና የአይኤምኤፍ ዓመታዊ ጉባኤ በ1973 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ሲመጣና ናይሮቢ ስትመረጥ ዕቅዱ ሰፋ፤ ሕንፃውም በዚያው ዓመት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የጉባኤ ከተማ ናት፤ በመስከረም 2023 የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ የተደረገውም እዚያው ነው። እንግዲህ የሆቴሎቹ ሠራተኞች እጅ ስብሰባ ለምዷል። «አዘጋጁልኝ» ብላችሁ ብቻ ከተዋችኋቸው መድረኩን አንድ ጫፍ ላይ ያደርጋሉ፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ወደዚያ ያዞራሉ። ይህ አንድ ሰው ለሚናገርበትና ሌላው ለሚያዳምጥበት ጉዳይ የተሠራ አቀማመጥ ነው። የሐበሻ ሠርግም ሳይታወቀው ይህንኑ ወርሶታል፤ ሙሽሮቹ ጫፍ ላይ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፣ እንግዳው ሦስት ሰዓት ሙሉ እነሱን ሲያይ ያመሻል። እነሱም እንግዳውን ሲያዩ።

ኬንያውያን ሜዳ ላይ ሲደግሱ የሚያደርጉትን ግን እዩ። ድንኳኖቹን በሜዳው ሦስት ወይም አራት ጎን ያቆሙና መሐሉን ባዶ ይተዉታል። ሙሽሮቹ በአንዱ ድንኳን፣ የሴቷ ወገን በሌላው፣ የወንዱ ወገን ፊት ለፊት። መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ መሐል ሜዳውን ይዞራል፤ ስጦታ ይዘው የሚመጡ አክስቶች እየዘፈኑ በዚያው መሐል ያልፋሉ። ሁሉም ሁሉንም ያያል። ላንጋታ መንገድ ላይ ያለው ቦማስ ኦፍ ኬንያም በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው። ድርጅቱ በ1971 የተቋቋመው የአገሪቱን ብሔረሰቦች ጭፈራና ባህል ለማሳየት ሲሆን፣ አዳራሹ ክብ ነው፤ ጨፋሪዎቹ መሐል፣ ተመልካቹ ዙሪያውን ደረጃ በደረጃ። (የሚገርመው ይኸው የጭፈራ ቤት የኬንያ ምርጫ ውጤት ማሳወቂያም ነበር። በነሐሴ 2022 ውጤቱ ሊነገር ሲል መድረኩ ላይ ግርግር ተነሥቶ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ሰውን ሁሉ ወደ መሐል የሚስብ ቦታ ለጭፈራ ጥሩ ነው፤ ለቆጠራ ግን እንጃ።)

እስክስታም የሚወደው መሐልን ነው። አንድ ዘፈን ሲነሣ ሐበሻ ምን ያደርጋል? ክብ ይሠራል፣ ሁለት ሰው መሐል ይገባል፣ ሌላው ያጨበጭባል። እንግዲህ መጨፈሪያውን በሒሳብ እንየው። ሃያ ሰው ክብ ቢሠራና ለእያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ብንሰጠው የክቡ ዙሪያ 12 ሜትር ይሆናል፤ ወርዱ ደግሞ አራት ሜትር አይሞላም። ከእነሱ ኋላ ቆመው የሚያጨበጭቡትን ጨምራችሁ ስድስት በስድስት ሜትር ብታደርጉት ለመቶ ሃምሳ እንግዳ ይበቃል። አሥር በአሥር ያደረጋችሁት እንደሆነ ያው ሃያ ሰው ሜዳ ላይ የቀረ ይመስላል፤ ዳር የተቀመጠውም ለመነሣት ያፍራል። ጠባብ መጨፈሪያ ሲሞላ ጨፋሪው ወደ ጠረጴዛዎቹ ይፈስሳል፤ የተቀመጠው ሳይወድ በግድ ይነሣል። የሚፈለገውም እሱ ነው። ስለዚህ መጨፈሪያውን ከመድረኩ ሥር ሳይሆን ወደ አዳራሹ መሐል አውጡት፤ ጠረጴዛዎቹ በሦስት ጎን ይክበቡት፤ ሙሽሮቹን ደግሞ ከፍታውን ቀንሳችሁ አራተኛው ጎን ላይ አቅርቧቸው።

እዚህ ላይ ክብርና ጆሮ ይጣላሉ። በእኛ ልማድ ሽማግሌዎች፣ ቀሳውስትና የሙሽሮቹ ወላጆች ፊት ነው የሚቀመጡት። ፊት ደግሞ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች የቆሙበት ነው። እናንተ ያከበራችኋቸው ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚደነቁሩት እነሱ ናቸው። ድምፅ ከምንጩ ሲርቅ ይደክማል፤ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ዲጄው የኋለኛው ጠረጴዛ እንዲሰማ ሲል ፊተኛውን ያንጫጫል። በዚያ ላይ ኤቲየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 የጻፈው ነገር አለ፦ ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ጠረጴዛ ሲጮህ ሌላው ይጮሃል፣ ዲጄው ይጨምራል፣ ሁሉም እንደገና ይጮሃል። ከዚህ የሚያወጣችሁ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ፊት ላይ በማቆም ፈንታ አራት ትንንሽ ስፒከሮችን በመጨፈሪያው አራት ጥግ አድርጎ ወደ ውስጥ ማዞር ነው። ጭፈራው ላይ ያለው ሙዚቃው ውስጥ ይሆናል፤ አምስት ሜትር ራቅ ያለው ያወራል። ሽማግሌዎቹን ከሙሽሮቹ ጎን፣ ከስፒከሮቹ ጀርባ በኩል አስቀምጧቸው፤ ክብራቸውም ጆሯቸውም ይጠበቃል። ቤዝ ግን ጀርባም ፊትም አያውቅም፤ የቤዙን ሣጥን ከግድግዳ ጥግ አርቁት፣ ጥግ ላይ ሲሆን ይበልጥ ያጓራል።

የድምፁ ነገር እዚህ አገር የጎረቤት ወዳጅነት ብቻ አይደለም። ኬንያ በ2009 ያወጣችው የድምፅ ብክለት ደንብ አለ፤ ቀኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ያበቃና የሌሊቱ ጥብቅ ወሰን ይጀምራል። በጥቅምት 2022 ደግሞ የናይሮቢ ገዥ ጆንሰን ሳካጃ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ የምሽት ክበብ ፈቃድ እንዳይሰጥ ወስነዋል። ግቢ ውስጥ የምትደግሱ ከሆነ የድንኳኑን የተዘጋ ጎን ወደ ጎረቤት፣ የስፒከሩን ጀርባም ወደዚያው አድርጉ። ከሁሉ አስቀድሞ ጎረቤቱን ጥሩት።

ማን ፊት ይቀመጥ የሚለውን ካነሣን አይቀር፣ የድሮውን ግብር ላስታውሳችሁ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የግብር አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሲከፈት ለጎብኚ ተከፍቷል፤ አዲስ አበባ ስትሄዱ ግቡና እዩት። ሺዎች ይበሉበት ነበር። ያ ሁሉ ሰው ግን በአንድ ጊዜ አልነበረም የሚበላው። መጀመሪያ ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው፣ ከዚያ መኳንንቱ፣ ከዚያ መጋረጃው ተገልጦ ወታደሩ በተራ በተራ ይገባል። ማዕርጉን እናንተ አታምጡት፤ ተራውን ግን ውሰዱት። ቡፌ ላይ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲነሣ ሰልፉ በሩን ይዘጋል፤ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ሲጠራ ግን ያው ክፍል ሰፊ ይሆናል።

መጋረጃውንም ውሰዱት! ይህን በጣም አምንበታለሁ። የሐበሻ ቀጠሮ የታወቀ ነው፤ የናይሮቢ ጃም ደግሞ ከሐበሻ ቀጠሮ ይብሳል። ቲካ መንገድ ላይ ዝናብ ከጣለ እንግዳችሁ መቼ እንደሚደርስ እሱም አያውቅ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገቡት ሃያ ሰዎች የሁለት መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ ይገባሉ። እነሱም እያንዳንዳቸው የተለያየ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አዳራሹ የተበተነ ይመስላል፣ በኋላ የሚመጣውም በሩ ላይ ቆሞ «ገና ነው እንዴ?» ይላል። መድኃኒቱ ጠረጴዛውን ሁሉ አለመዘርጋት ነው። ከሦስት ሁለቱን ብቻ ዘርጉ፤ የቀረውን አጥፋችሁ ከመጋረጃ ኋላ አስቀምጡት። ወደ በሩ ቅርብ ወንበር የሌላቸው ከፍ ያሉ ትንንሽ ጠረጴዛዎች አድርጉ፤ መጀመሪያ የመጣው እዚያ ቆሞ ጭማቂውን ይዞ ያወራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አይቶ ይገባል። ሰው ሲሞላ መጋረጃውን ግፉት። የሚያስፈልጋችሁ ጠረጴዛ ማንሣት የሚችሉ ሁለት ብርቱ ልጆችና ጨርቅ ነው። (ስለ ሰዓት ካነሣን፦ ስዋሂሊ ሲናገሩ ኬንያውያንም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን በፈረንጁ። መጥሪያ ካርድ ላይ «1 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ የጻፋችሁ እንደሆነ አንዳንዱ እንግዳ ምሳ ሳይበላ ይመጣል።)

ወደ ምግቡ እንሂድ። ዊልያም ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የኒውዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረፀ ያጠና ነበር፤ መጽሐፉ በ1980 ወጣ። ሰዎች ሲገናኙ ለመነጋገር ዳር ይይዛሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። የሚያወሩት ግን ሰው በሚተላለፍበት መሐል መንገዱ ላይ ቆመው ሆነ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሰፊውን ሳሎን ባዶውን ትቶ የኩሽናው በር ላይ ተፋፍኖ ያወራል። ስለዚህ ሰው የሚፈልጋቸውን ነገሮች አንድ ላይ አታከማቹ፤ አራርቋቸው። መጠጡን ከመግቢያው ማዶ አድርጉት፣ አዳራሹን አቋርጦ ይሂድ። ቡፌውን በሌላ ጎን አድርጉና ከግድግዳ አላቅቃችሁ በሁለቱም ጎን ሰው እንዲያነሣበት አድርጉ፤ ሰልፉ በግማሽ ያጥራል፣ በዚያ ላይ ወጥ የሚያወጡ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። የፆምና የፍስክ ወጥ ግን በአንድ ጭልፋ እንዳይገናኝ የተለያየ ጠረጴዛ ይኑረው፤ የእስልምና ተከታይ እንግዶቻችሁም የትኛው ሥጋ የእነሱ እንደሆነ ሳይጠይቁ እንዲያውቁት ይሁን።

ሁለት ቦታዎች ግን ከቡፌው ይልቅ ጓደኛ ያፈራሉ። አንደኛው የእጅ መታጠቢያው ነው። እንጀራም ኡጋሊም ኛማ ቾማም በእጅ ነው የሚበላው፤ ኬንያዊም ሐበሻም ከምግብ በፊት ይታጠባል። መታጠቢያውን ሽንት ቤት ጓሮ አትደብቁት፤ ወደ ቡፌው በሚወስደው መንገድ ላይ አውጡት። እጁ የረጠበ ሰው ስልክ አይነካም፤ ስለዚህ ያወራል። ሁለተኛው የቁርጥ ጥግ ነው። ብልቱ ተሰቅሎ፣ ቢላዋው ተስሎ፣ አዋዜና ሚጥሚጣው በየሳህኑ ሆኖ ሲቀርብ ወንዶቹ መጥተው ይከቡታል፤ ቆራጩ «ከየት ልቁረጥልህ?» ይላል፣ ኬንያውያኑ ደግሞ ለጉድ ይመጣሉ፤ ገሚሱ ሊቀምስ፣ ገሚሱ ፎቶ ሊያነሣ። ይህን ጥግ ከጭፈራው አርቁት፤ ቢላዋ የያዘ እጅና እስክስታ የያዘው ትከሻ አይጠጋጉም። ሕፃናት ከሚሮጡበትም እንዲሁ። ጀርባው ግድግዳ ሆኖ በፊቱ ሁለት ሜትር ባዶ ይተውለት።

ሆቴል ውስጥ ቡና ለማፍላት ያሰበ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፦ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ። ዕጣኑ ሲጨስ፣ ቡናው ሲቆላ ያቺ ትንሽ ነጭ ክብ ነገር ታለቅስና አዳራሹ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል። በረንዳ ካለ ቡናውን በረንዳው በር ላይ አድርጉት። ድንኳን ከሆነ ደግሞ ከሰል አደገኛ ነው። በሐምሌ የናይሮቢ ሌሊት ይበርዳል፤ ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሰው ሲበርደው የድንኳኑን ጎኖች ሁሉ ይዘጋና የከሰል ጂኮ ያስገባል። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ጂኮው ከተከፈተው ጎን ውጭ ይቀመጥ። ብርዱን በተመለከተ ጠበብ ያለ ቦታ እዚህም ይረዳችኋል፦ ተቀምጦ ያለ አንድ ሰው የመቶ ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ መቶ ሰው አሥር ኪሎ ዋት ነው። የሚጨፍረውማ ከዚያ በላይ ነው። የሚመጥን ድንኳን ራሱን ያሞቃል፤ የተረፈ ድንኳን ግን ሰማዩን ሲያሞቅ ያድራል።

ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን ሲገጠም ውኃው የሚጠራቀመው በሁለቱ መገጣጠሚያ ላይ ነው። አከራዮቹ ከሥሩ እንደ አሸንዳ የሚወጠር ሸራ አላቸው፤ እንዲያመጡት ንገሯቸው። ቢያመጡትም ከዚያ መስመር ሥር ኬኩን፣ ስፒከሩንና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን አታድርጉ። ያንን መስመር መተላለፊያ አድርጉት፤ ሰው ቢረጥብ ይደርቃል። ከውጭ የሚወጠሩት ገመዶችና ካስማዎች ደግሞ ሲመሽ አይታዩም፤ ነጭ ጨርቅ እሰሩባቸው፣ ከሽንት ቤቱ መንገድም አርቋቸው።

መውጫውን ሳላነሣ አላልፍም። በጥር 2009 (እ.ኤ.አ.) መሐል ናይሮቢ የነበረው የናኩማት ሱፐር ማርኬት ሲቃጠል ከሃያ በላይ ሰው ሞቷል፤ በሮች ተዘግተው ነበር የሚለው ክስ እስከ ዛሬ ይነሣል። ለድግስ የተከራያችሁት አዳራሽ ሁለተኛ በር ካለው ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ እወቁ፤ ዲኮር የሚሠሩት ሰዎች በጨርቅ ሸፍነውት ከሆነ ግለጡት። ጠባብ ቦታ ያደምቃል ስል ጠባብ በር ማለቴ አይደለም። መሐሉ ይጥበብ፤ ዳሩና መውጫው ይስፋ።

ይህን ሁሉ ካሰባችሁ በኋላ ወረቀት ላይ ብቻ አትመኑ። ከአንድ ቀን በፊት ወይም ያን ዕለት ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ገብታችሁ ትሪ ያዙና ከኩሽናው በር እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ ሂዱ፤ ክርናችሁ የሚነካውን ወንበር ሁሉ አንሡት። ከዚያ ከሁሉም መጥፎ ነው በምትሉት ወንበር ላይ ተቀመጡ፦ ምሰሶ ኋላ ያለው፣ ወይም የሽንት ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር የሚገለጥለት። ምን ይታያችኋል? ምንም ካልታያችሁ ያ ወንበር ይውጣ። አዳራሹ ውስጥ የሚያሳዝን ወንበር ካለ የሚቀመጥበት ሁልጊዜ ብቻውን የመጣው እንግዳ ነው።

የመጨረሻው ሰዓት ላይ ደግሞ ሰው መሳሳት ሲጀምር ከባዶዎቹ ጠረጴዛዎች በላይ ያለውን መብራት አጥፉ፣ ቡናውን ወደ መጨፈሪያው ዳር አምጡት፣ የቀረው ሰው ተሰብስቦ ይቅር። እዚህ ከተማ ድግስን የሚጨርሰው ግን መብራትም ዲጄም አይደለም፤ ለሌላ ሰው የእሑድ ድግስ ወንበር ለመውሰድ ፒክአፕ ይዘው የሚመጡት የአከራዩ ልጆች ናቸው። አክስታችሁ ገና እየጠጡ ሳለ ከሥራቸው ወንበር መደራረብ ይጀምራሉ። ውል ስትፈርሙ የሚያነሡበትን ሰዓት አጽፉ፤ ሲያነሡም ከዳር ጀምረው ወደ መጨፈሪያው እንዲመጡ ንገሯቸው፤ ከመጨፈሪያው ጀምረው ወደ ዳር እንዳይሄዱ።